ለሥራው የሚጠቅም፣ በማስረጃ የሚጸና፦ ለምርምር ተቋማት የሚቀርብ ሲቪ አዘገጃጀት

መግቢያ

በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ዘነበወርቅ ስሙን ያገኘው በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ከተሰየመው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ነው። በዚሁ ስፍራ እ.ኤ.አ. በ1965 አለርት፣ በ1970 ደግሞ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ተቋቁመዋል። ለሕክምና ከየክፍለ ሀገሩ ከመጡ ሕሙማን ብዙዎቹ በሆስፒታሉ ዙሪያ ስለ ቀሩ፣ የሰፈሩ ስም ለረጅም ዘመን ከበሽታው ጋር ተያይዞ ሲነሣ ኖሯል። ስለዚህ ዘነበወርቅ ለሥራ አመልካች ሁለት ጥያቄዎችን በአንድነት ያቀርባል፤ ለምርምር ቤተ ሙከራ ምን ማሳየት ይገባል? ስለ ራስስ ምን ሳይጻፍ መቅረት አለበት?

የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ አጭር ነው። በሲቪ ላይ የሚሰፍር እያንዳንዱ መስመር ሁለት መመዘኛዎችን ማለፍ አለበት፤ ለተጠየቀው ሥራ መጥቀምና በማስረጃ መረጋገጥ። ከሁለቱ አንዱን የማያሟላ መስመር ቢቀር ይሻላል።

ልምድን በተግባር መግለጽ

ሲቪ ከክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያው መነሣት አለበት። ለምሳሌ አንድ ተቋም በሳንባ ነቀርሳ ጥናት ላይ የሚሠራ የላቦራቶሪ ባለሙያ ቢፈልግ፣ «በላቦራቶሪ ውስጥ ለ2 ዓመት ሠርቻለሁ» የሚል መስመር ለመራጩ ብዙም አይነግረውም። «የአክታ ናሙና ተቀብሎ መመዝገብ፣ ስላይድ አዘጋጅቶ በዚል ኒልሰን ዘዴ ማቅለምና በማይክሮስኮፕ ማንበብ» ተብሎ ሲጻፍ ግን ባለሙያው ምን መሥራት እንደሚችል ይታወቃል። የማስተርስ መመረቂያ ጥናትም በርእሱ ብቻ ሳይሆን በተጠቀመበት ዘዴ፣ በናሙናው መጠንና አመልካቹ በገዛ እጁ ባከናወነው ክፍል ሊገለጽ ይገባል። በቡድን የተሠራን ሥራ የብቻ አስመስሎ ማቅረብ በመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ ይጋለጣል።

ለማስረጃው የሕግ ድጋፍ አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 12 አሠሪው የሥራ ውል ሲቋረጥ ወይም ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ያዛል። ይህን ወረቀት ከሥራ በሚለቁበት ዕለት መጠየቅ፣ ሲቪ በሚጻፍበት ጊዜ ከመፈለግ ይቀላል።

የሁለት ዘመን አቆጣጠር ጣጣ

የሀገር ውስጥ የሥራ ልምድ ማስረጃ ብዙውን ጊዜ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይጻፋል፤ በእንግሊዝኛ የሚዘጋጅ ሲቪ ደግሞ በአውሮፓውያን። ከመስከረም 1 አንሥቶ እስከ ፈረንጆች አዲስ ዓመት (ታኅሣሥ 22 ወይም 23) ድረስ የሚደመረው 7 ዓመት ሲሆን፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ዓመት ነው። ሐምሌ 15 ቀን 2013 ዓ.ም. ተመርቆ ኅዳር 1 ቀን 2014 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ ሰው፣ የተመረቀው ጁላይ 22 ቀን 2021፣ ሥራ የጀመረው ኖቬምበር 10 ቀን 2021 ነው። በሁለቱም ላይ 8 ቢደምር ሥራ የጀመረበት ጊዜ 2022 ይሆንበታል፤ ከ4 ወር ያነሰው ክፍተትም ከ15 ወር በላይ ሆኖ ይታያል። በዚህ ላይ ሲቪው ከምስክር ወረቀቱ ጋር ስለማይስማማ፣ የስሌት ስሕተቱ በመራጩ ዘንድ እንደ ማጭበርበር ሊቆጠር ይችላል። በመላው ሲቪ አንድ አቆጣጠር መጠቀምና የትኛው እንደሆነ በግልጽ መጻፍ ይህን ያስቀራል።

ስምና የኅትመት ዝርዝር

የኢትዮጵያውያን ስም የቤተሰብ መጠሪያ የለውም። ዓለም አቀፍ የኅትመት ቋቶች ግን የመጨረሻውን ቃል እንደ ቤተሰብ ስም ይወስዳሉ። አንድ ተመራማሪ በአንድ ጽሑፍ በአባቱ ስም፣ በሌላው በአያቱ ስም ከጨረሰ፣ ወይም የላቲን ፊደል አጻጻፉን ከለዋወጠ፣ ሥራዎቹ የሁለት ሰዎች መስለው ይበተናሉ። መፍትሔው በዲግሪው ላይ የሰፈረውን አጻጻፍ በሁሉም ቦታ መጠበቅና ኦርኪድ የተባለውን ባለ 16 አኃዝ የተመራማሪዎች መለያ ቁጥር በሲቪው ላይ ማስፈር ነው።

የማይጻፈው

ሃይማኖት፣ ብሔር፣ የጋብቻ ሁኔታና የጤና ታሪክ የላቦራቶሪ ወይም የመስክ ጥናት ችሎታን አያሳዩም። በአድራሻም ረገድ ስልክ፣ ኢሜይልና የከተማ ስም ለመጀመሪያው ማጣሪያ ይበቃሉ። በሥጋ ደዌ ምክንያት ስሙ ሲነሣ በኖረ ሰፈር ለሚኖር አመልካች ይህ ቁም ነገር ነው፤ የሰፈሩ ስም ከሙያው ቀድሞ እንዲነበብ የሚያስገድደው ምክንያት የለም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መውጣቱም እንዲህ ያለ መረጃ ጥንቃቄ የሚሻ መሆኑን ያመለክታል።

አካል ጉዳት ግን ለብቻው ሊታሰብበት ይገባል። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 አካል ጉዳተኛው ከሌሎች ጋር እኩል ወይም ተቀራራቢ ውጤት ሲያመጣ ቅድሚያ እንዲሰጠው ይደነግጋል። ስለዚህ መግለጹ ሊጠቅም ይችላል፤ ውሳኔው ግን የአመልካቹ የራሱ መሆን አለበት።

ማጠቃለያ

ተመራቂው ሲቪውን ከመላኩ በፊት ማስታወቂያውን በአንድ ወገን፣ ማስረጃዎቹን በሌላ ወገን አስቀምጦ እያንዳንዱን መስመር ከሁለቱም ጋር ቢያመሳክር ይበጃል። ከማስታወቂያው ጋር የማይገናኘው ይሰረዝ፤ በማስረጃ የማይደገፈው ማስረጃ ይፈለግለት ወይም ይቅር። ከዚህ የሚተርፈው ገጽ አጭር ሊሆን ይችላል፤ በቃለ መጠይቅ ጊዜ ግን አመልካቹ የማይመልሰው ጥያቄ አያስነሣበትም።