የብስክሌት ጎማ ዙሪያ እንዴት ይለካል?

ለማስተማር ልምምድ በተላክንበት ትምህርት ቤት የ5000 ሜትር ሩጫ አዘጋጅተን ነበር። መንገዱን የለካነው በብስክሌት ነው። መሪው ላይ የታሰረችው ትንሽ ኮምፒዩተር 5 ኪሎ ሜትር ስታሳይ መጨረሻውን በኖራ አሰመርን። አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ሁሉንም ቀድማ ገባች፤ ሰዓቷም በጣም ጥሩ ሆነ። አጨበጨብንላት፣ ውጤቷንም ሰሌዳ ላይ ጻፍንላት። በማግሥቱ መምህራችን መጥተው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁን፤ «ለመሆኑ የጎማው ዙሪያ ስንት እንደሆነ ለመሣሪያዋ ማን ነገራት?» መልስ አጣን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒዩተሯ መንገድ አትለካም፤ ዙር ትቆጥራለች እንጂ። በፊተኛው ቸርኬ ሽቦ ላይ ትንሽ ማግኔት ይታሰራል። ጎማውን በያዘው ሹካ ላይ ደግሞ ማግኔቱ ባለፈ ቁጥር ምልክት የሚቀበል ዕቃ አለ። መሣሪያዋ የዙሩን ብዛት እኛ በሞላንላት የጎማ ዙሪያ ታባዛለች። ዙሪያው 2050 ሚሊ ሜትር ቢሆንና ጎማው በሴኮንድ ሁለት ጊዜ ቢዞር፣ ፍጥነቱ በሴኮንድ 4.1 ሜትር፣ በሰዓት 14.76 ኪሎ ሜትር ይሆናል። እንግዲህ የሞላነው ቁጥር ከተሳሳተ የሚወጣው ሁሉ የተሳሳተ ነው። እኛ ደግሞ ዝም ብለን ከመመሪያው ሠንጠረዥ 2105 የሚለውን ሞልተን ኖሯል፤ ያ ቁጥር የሌላ ዓይነት ጎማ ነው።

ትክክለኛው አለካክ የሚከተለው ነው፤

1ኛ/ ጎማውን ሁልጊዜ በምንነዳበት መጠን በነፋስ መሙላት።
2ኛ/ ማግኔት ያለበትን ጎማ ቫልቩን ወደ ታች አድርጎ፣ በትይዩው መሬቱን በጠመኔ ምልክት ማድረግ።
3ኛ/ አንድ ሰው ብስክሌቱ ላይ ተቀምጦ፣ ሌላው ደግፎት፣ ቀጥ ባለ መስመር ሦስት ሙሉ ዙር መግፋት።
4ኛ/ ቫልቩ እንደገና ታች ሲደርስ ምልክት አድርጎ፣ ርቀቱን በሜትር ለክቶ ለሦስት ማካፈል።

የኛ ጎማ በሦስት ዙር 6 ሜትር ከ15 ሳንቲ ሜትር ሄደ፤ ለሦስት ሲካፈል 2050 ሚሊ ሜትር ነው።

«ጎማው ላይ 26 ኢንች ተጽፎ የለም ወይ? በፓይ ማባዛት ነው!» የሚል ይኖራል። እስቲ እናስላው፤ 26 ኢንች 660.4 ሚሊ ሜትር ነው፤ በ3.14 ሲባዛ 2074 ገደማ ይመጣል። ከለካነው በ24 ሚሊ ሜትር ይበልጣል። ለምን? አንደኛ፣ 26 የሚለው የጎማው መጠሪያ እንጂ በትክክል የተለካ ዲያሜትር አይደለም። ሁለተኛ፣ ሰው ሲቀመጥበት ጎማው ከታች ይጫናል። ቀመሩ አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው ወደ ቀመሩ ያስገባነው ቁጥር ነው።

እንግዲህ ወደ ሩጫው እንመለስ። 5000 ሲባዛ በ2050፣ ሲካፈል ለ2105፣ 4869 ሜትር ይሆናል። 131 ሜትር አጉድለናል ማለት ነው። ማን ያያል ብለን ልንተወው አሰብን፤ ግን ልጆቹ ፊት ቆመን ስሕተታችንን ነገርናቸው፣ ስሌቱንም በሰሌዳ ላይ አብረን ሠራን። መንገዱን አስተካክለን እንደገና አስሮጥናቸው። ልጅቱ አሁንም ቀደመች፤ ሰዓቷ ግን ረዘም አለ። ሰሌዳው ላይ የቀረው ይኸኛው ነው።

መልመጃ፤ ዙሪያው 2050 ሚሊ ሜትር የሆነ ጎማ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ ስንት ጊዜ ይዞራል? ኮምፒዩተር የሌላችሁ ሽቦው ላይ ቀይ ጨርቅ አስራችሁ ቁጠሩ፤ ያው ነው።