ቱናና ስዎርድፊሽ ወደ ዳላስ ሲገቡ፦ ሰነዱ ደረጃ በደረጃ

ዳላስ ባሕር የላትም። ሂውስተን እንኳ ወደ 240 ማይል ትርቃለች። ሆኖም በፕሌኖ የሱሺ ቤት ጥሬ ቱና ይቀርባል፤ በጋርላንድ የሐበሻ ሱቅ መደርደሪያ ላይ የጣሳ ቱና ተደርድሯል፤ በምግብ ቤቶች ደግሞ አፍንጫው እንደ ሰይፍ የሚረዝመው ስዎርድፊሽ ተጠብሶ ይበላል። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ እንተወውና እኛ ወደ ንግዱ እንግባ፦ አንድ የዳላስ ነጋዴ ይህን ዓሣ ከውጭ አገር በቀጥታ ላስመጣ ቢል ምን ምን ወረቀት ያስፈልገዋል? እያንዳንዱስ ለምን ተፈለገ?

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። ወረቀቶቹ ብዙ ይምሰሉ እንጂ እያንዳንዱ የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ነው። የትኛው ወረቀት የትኛውን ጥያቄ እንደሚመልስ ያወቀ ሰው ሕጉን በቃሉ መሸምደድ አያስፈልገውም። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ይህ ሁሉ ወረቀት ለምን መጣ?

ቱናና ስዎርድፊሽ ድንበር አያውቁም። ዛሬ በአንዱ አገር ውኃ ውስጥ የታየው ዓሣ ከወራት በኋላ ከሌላው አገር ዳርቻ ይገኛል። ስለዚህ ማንም አገር ብቻውን ቆጥሮ ሊጠብቃቸው አይችልም። ለአትላንቲክ ቱናዎች በ1966 ስምምነት ተፈርሞ አይካት በሚል ምሕጻር የሚታወቀው ኮሚሽን ተቋቋመ፤ ጽሕፈት ቤቱ ማድሪድ ነው። የሕንድ ውቅያኖሱ አቻ ደግሞ ለኛ አገር የቀረበ ነው፤ መቀመጫው የሲሼልስ ዋና ከተማ ቪክቶሪያ ነው።

እነዚህ ኮሚሽኖች ለየአገሩ ኮታ ይደለድላሉ። ችግሩ ከኮታ ውጭ የሚያጠምዱት ናቸው። በሰፊው ባሕር ላይ እያንዳንዱን ጀልባ መከተል አይቻልም፤ ዓሣው ግን መጨረሻው ገበያ ነውና እዚያ ሲደርስ መጠየቅ ይቻላል። አይካት በ1992 ለብሉፊን ቱና፣ በ2001 ደግሞ ለቢግአይ ቱናና ለስዎርድፊሽ ከዓሣው ጋር የሚጓዝ ሰነድ እንዲኖር የወሰነው በዚህ ምክንያት ነው። የሰሜን አትላንቲክ ስዎርድፊሽ በ1990ዎቹ ክፉኛ ተመናምኖ ነበር። በ1999 የአሥር ዓመት የማገገሚያ ዕቅድ ወጣለት፤ በ2009 በተደረገው ግምገማም ማገገሙ ተረጋገጠ። ዋናው መድኃኒት የኮታ ቅነሳው ነበር። የሰነዱ ድርሻ ያለ ኮታ የተያዘው በጓሮ በር እንዳይሸጥ መጠበቅ ነው።

ደረጃ አንድ፦ ዓሣውን በትክክለኛ ስሙ ጥሩት

አብዛኛው ስሕተት የሚጀምረው እዚህ ነው። ኢንቮይሱ ላይ «ቱና» ብቻ ብሎ መጻፍ ምንም አይነግረንም። የሎውፊን ነው? ቢግአይ? ብሉፊን? አልባኮር? ስኪፕጃክ? ለእያንዳንዱ የሚጠየቀው ሰነድ ይለያያል። ቀጥሎ ሁኔታውን ለዩ፦ ትኩስ ነው (ማለትም በበረዶ ቀዝቅዞ የመጣ)፣ ጠንክሮ በረዶ እስኪሆን የቀዘቀዘ ነው፣ ወይስ በጣሳ የታሸገ?

ሁለቱን መልሶች የሚያጣምረው የጉምሩክ ታሪፍ ቁጥሩ ነው። ትኩስ የሎውፊን 0302.32 ነው፤ ትኩስ ስዎርድፊሽ 0302.47፤ በረዶ የሆነ ቢግአይ 0303.44፤ የታሸገ ቱና 1604.14። ቁጥሩ በትራንዚተራችሁ ኮምፒውተር ውስጥ ሲገባ የትኛው መሥሪያ ቤት ምን እንደሚጠይቅ ሥርዓቱ ራሱ ያወጣል። ቁጥሩ ከተሳሳተ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የተሳሳተ ነው።

ደረጃ ሁለት፦ ፈቃድ አውጡ

በአሜሪካ የዓሣ ሀብት ጉዳይ የብሔራዊ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር ነው፤ ባጭሩ ኖዋ ይሉታል። ለእነዚህ ዓሦች ነጋዴዎች የፈቃድና የሪፖርት ግዴታ የተጣለው በ2005 ነበር። ከሴፕቴምበር 20 ቀን 2016 ጀምሮ ደግሞ የተለያዩት ፈቃዶች ተጠቃለው አንድ ዓለም አቀፍ የዓሣ ንግድ ፈቃድ ሆነዋል። ፈቃዱ ለአንድ ዓመት ያገለግላል፤ በየዓመቱ ይታደሳል።

ፈቃዱን የሚይዘው በጉምሩክ መዝገብ ላይ አስመጪ ተብሎ የሚጻፈው ሰው ወይም ድርጅት ነው። ትራንዚተር መቅጠር ትችላላችሁ፤ ትራንዚተሩ ግን ወረቀቱን ያስገባል እንጂ ኃላፊነቱን አይወስድላችሁም። ኋላ ኦዲት ሲመጣ የሚጠየቀው አስመጪው ነው።

ደረጃ ሦስት፦ ዓሣው ሳይጫን ከላኪው ሰነድ ጠይቁ

ዓሣው አውሮፕላን ላይ ከወጣ በኋላ ወረቀት መለመን ከንቱ ድካም ነው። ትኩስ ዓሣ አይጠብቅምና። ስለዚህ ከክፍያ በፊት የሚከተሉት በእጃችሁ ይግቡ።

አንደኛ፣ የአጠማመድ መረጃ። ይህን የሚጠይቀው ሲምፕ የሚባለው የባሕር ምግብ ቁጥጥር ፕሮግራም ነው። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2018 ጀምሮ የሚሠራ ሲሆን አምስቱን ቱናዎችና ስዎርድፊሽን ያካትታል። የጣሳ ቱናም አይቀርለትም። የሚጠየቀው ዓሣውን ማን፣ የት፣ መቼ፣ በምን እንደያዘው ነው፦ የመርከቧ ስም፣ ባንዲራዋና መለያ ቁጥሯ፣ የማጥመጃው ዓይነት፣ የባሕሩ ክልል፣ ዓሣው ወደ ምድር የወረደበት ቀንና ቦታ፣ ክብደቱና መጀመሪያ የተረከበው ሰው። የዓሣው ዝርያ የሚጻፈው በሦስት ፊደል ኮድ ነው። ዓሣው የተሰበሰበው ከ12 ሜትር ካልበለጡ ትንንሽ ጀልባዎች ከሆነ የሁሉንም ስም መዘርዘር ሳያስፈልግ መረጃውን በጥቅል ማቅረብ ይፈቀዳል።

ሁለተኛ፣ የስታቲስቲክስ ሰነድ። ይህ የሚመልሰው «መንግሥት ያውቀዋል ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ነው። ስዎርድፊሽ ትኩስም ሆነ በረዶ፣ ከየትኛውም ውቅያኖስ ይምጣ፣ ያለዚህ ሰነድ አይገባም። ቢግአይ ግን የሚጠየቀው በረዶ ሆኖ ሲመጣ ነው። ብሉፊን ደግሞ ጠበቅ ያለ የራሱ የአጠማመድ ሰነድ አለው፤ የአትላንቲኩ ከ2016 ጀምሮ በኤሌክትሮኒክስ ሆኗል። ማኅተሙን የሚያሳርፈው የማን ባለሥልጣን ነው? ብዙዎች «ዓሣውን የላከው አገር» ብለው ይመልሳሉ። በመሠረቱ ግን የሚያረጋግጠው መርከቧ ባንዲራውን የምታውለበልብለት አገር ነው፤ መርከቧ በኪራይ ውል ከሠራች ደግሞ ላኪው አገር ሊያረጋግጥ ይችላል። የዓሣው ጭንቅላት፣ ዓይን፣ ዕንቁላል፣ ሆድ ዕቃና ጅራት ለብቻቸው ሲመጡ ይህ ሰነድ አይጠየቅባቸውም።

ሦስተኛ፣ የኖዋ ፎርም 370። ጥያቄው ስለ ዶልፊን ነው። በምሥራቅ ፓሲፊክ የሎውፊን ከዶልፊን መንጋ ሥር የመዋኘት ልማድ አለው። አጥማጆች ዶልፊኖቹን በመረብ ሲከቡ ብዙዎቹ አለቁ፤ አሜሪካም በ1990 ቱናው ዶልፊን ሳይጎዳ መያዙን ስለሚያሳየው የጣሳ ምልክት ሕግ አወጣች። በረዶ የሆነና የተቀነባበረ ቱና ሁሉ ከዚህ ፎርም ጋር ይገባል። ጣሳው ላይ የዶልፊን ምልክት ለመለጠፍ ደግሞ የመርከቧ ካፒቴን የፈረመበት ቃል ያስፈልጋል። ትኩስ ቱናና ስዎርድፊሽ ፎርም 370 አይጠየቁም።

አራተኛ፣ አዲሱ መስፈርት። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ የባሕር አጥቢ እንስሳት አጠባበቃቸው ከአሜሪካ ጋር የሚመጣጠን ሆኖ ካልተገኘ የዓሣ ማጥመጃ ሥራዎች የመጣ ምርት እንዳይገባ ተከልክሏል። አንዳንድ አገሮች የተከለከሉት በከፊል ነው፤ ከእነርሱ ሲመጣ ምርቱ ከተፈቀደው ማጥመጃ መሆኑን የሚመሰክር ማረጋገጫ ይጠየቃል። ውል ከመፈረማችሁ በፊት የላኪያችሁን አገር ስም በኖዋ ዝርዝር ውስጥ ፈልጉ።

ደረጃ አራት፦ ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አንብቡ

እያንዳንዱ ወረቀት ለብቻው ትክክል መሆኑ አይበቃም። በአንድ ጉዳይ ቆመው ቃላቸው እንደሚለያይ ምስክሮች ከሆኑ ዳኛው ሁሉንም ይጠራጠራል። ኢንቮይሱን፣ ኤርዌይ ቢሉን፣ የስታቲስቲክስ ሰነዱንና የአጠማመድ መረጃውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ አራት ነገር አነጻጽሩ፦ ዝርያ፣ ክብደት፣ የመርከብ ስምና ቀን።

ክብደት ላይ ተጠንቀቁ። ሙሉ ዓሣ፣ ሆድ ዕቃውና ስንጥቡ የወጣለት፣ ጭንቅላቱም የተቆረጠለት፣ እና ሥጋው ብቻ የተፈለጠ፣ እነዚህ ሁሉ የተለያየ ክብደት አላቸው። መርከቧ ላይ 1,000 ኪሎ የተመዘነው ሙሉ ዓሣ ተፈልጦ ዳላስ ሲደርስ ያው 1,000 ኪሎ ከሆነ ጠያቂው «የተጨመረው ከየት መጣ?» ይላል፤ ልክም ነው። ቀኑም እንዲሁ ነው፦ ዓሣው ወደ ምድር የወረደበት ቀን ከአውሮፕላኑ መነሻ ቀን በኋላ ከሆነ አንዱ ወረቀት ውሸት ተናግሯል።

ደረጃ አምስት፦ ዕቃው ሲደርስ

ትኩስ ዓሣ ብዙውን ጊዜ የሚገባው በዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ከ1974 ጀምሮ ዳላስንና ፎርት ዎርዝን የሚያገለግለው ይህ ማረፊያ ራሱን የቻለ የጉምሩክ መግቢያ በር አለው፤ የበሩ ኮድ 5501 ነው። አውሮፕላኑ ከመድረሱ ቢያንስ 4 ሰዓት በፊት የምግብና መድኃኒት አስተዳደሩ ኤፍዲኤ ቅድመ ማስታወቂያ ሊደርሰው ይገባል። በመርከብ ሲሆን 8 ሰዓት፣ በመኪና ሲሆን 2 ሰዓት ነው።

ከዚያ ትራንዚተሩ ዲክላራሲዮኑን «ኤስ» በተባለው የጉምሩክ ኮምፒውተር ሥርዓት ያስገባል። የፈቃድ ቁጥራችሁ፣ የአጠማመድ መረጃውና የሰነዶቹ ቅጂ አብረው ይገባሉ። በስታቲስቲክስ ሰነዱ ላይ ለአስመጪ የተተወውን ክፍል ሞልታችሁ የምትፈርሙት እናንተ ናችሁ።

የጣሳ ቱናስ? እርሱ በኮንቴይነር ነው የሚመጣው፤ ሂውስተን ወይም ካሊፎርኒያ ሎንግ ቢች ይራገፍና በባቡር ወይም በመኪና ይቀጥላል። በጉምሩክ ዋስትና ተይዞ ፎርት ዎርዝ ድረስ መጥቶ የመጨረሻው ዲክላራሲዮን እዚህ ሊሞላ ይችላል። ልብ በሉ፦ የኤፍዲኤ ማስታወቂያ ግን የሚታሰበው መጀመሪያ ከደረሰበት ወደብ ነው እንጂ ከዳላስ አይደለም።

ደረጃ ስድስት፦ ዓሣው ከተሸጠ በኋላ

ዓሣው ተበልቶ አልቋል፤ የእናንተ ሥራ ግን አላለቀም። የስታቲስቲክስ ሰነድ ለሚጠየቅባቸው ዓሦች በየአሥራ አምስት ቀኑ ለኖዋ ሪፖርት ይቀርባል። ከወሩ 1 እስከ 15 ያለው አንድ ዙር ነው፤ ከ16 እስከ ወሩ መጨረሻ ሁለተኛው ዙር። እያንዳንዱ ዙር ካለቀ በኋላ በ10 ቀን ውስጥ ሪፖርቱ መድረስ አለበት። የማርች 1–15 ሪፖርት እስከ ማርች 25፣ የማርች 16–31 ሪፖርት እስከ ኤፕሪል 10 ማለት ነው።

ሪፖርቶቹና ደጋፊ ሰነዶቹ ለ2 ዓመት በንግድ ቦታችሁ ይቀመጡ። በተለይ ዓሣው ከመርከብ ወደ ማቀነባበሪያ፣ ከዚያ ወደ ላኪ ሲተላለፍ የነበሩት ደረሰኞች ወደ ጉምሩክ ሥርዓቱ ስለማይገቡ ብዙ ሰው ይጥላቸዋል። ኦዲተሩ መጀመሪያ የሚጠይቀው ደግሞ እነርሱን ነው።

ዓሣውን ለዳላስ ምግብ ቤቶች ብትሸጡ እነዚህ የንግድ ሰነዶች አብረውት አይሄዱም። ከዓሣው የተወሰነውን ክፍል ወደ ሜክሲኮ ብትልኩ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ሰነድ የሚጠየቅበት ዓሣ ከሆነ ከዋናው ሰነድ ቅጂ ጋር የተረጋገጠ የዳግም ላኪነት ሰርተፊኬት ያስፈልጋል። በዚህ መንገድ አንድ ዓሣ ሁለት ጊዜ አይቆጠርም።

መልመጃ

መልሱን በእጃችሁ ከድናችሁ ሞክሩ። ላኪው አገር በአራተኛው መስፈርት በሙሉም ሆነ በከፊል አልተከለከለም እንበል፤ ለእያንዳንዱ ከኖዋ በኩል ምን ያስፈልጋል?

ሀ. በረዶ የሆነ የቢግአይ ሥጋ፣ በረጅም የመንጠቆ ገመድ የተያዘ። *መልስ፦* ፈቃድ፣ የሲምፕ መረጃ፣ የስታቲስቲክስ ሰነድ፣ ፎርም 370 እና የአሥራ አምስት ቀን ሪፖርት። ሁሉም!

ለ. ትኩስ የሎውፊን በአውሮፕላን። *መልስ፦* ፈቃድና የሲምፕ መረጃ። የስታቲስቲክስ ሰነድ የለም፤ ፎርም 370 የለም፤ የአሥራ አምስት ቀን ሪፖርትም የለም።

ሐ. ትኩስ ስዎርድፊሽ። *መልስ፦* ፈቃድ፣ የሲምፕ መረጃ፣ የስታቲስቲክስ ሰነድና ሪፖርት። ፎርም 370 አይጠየቅም።

መ. በጣሳ የታሸገ ስኪፕጃክ። *መልስ፦* ፈቃድ፣ የሲምፕ መረጃና ፎርም 370።

ሠ. ከቪክቶሪያ ሐይቅ የመጣ፣ እኛ በጫሞ የምናውቀው ነጭ ዓሣ። *መልስ፦* ከእነዚህ አንዱም አይጠየቅም፤ የሐይቅ ዓሣ ነውና። የጉምሩክና የኤፍዲኤ ግዴታ ግን እንዳለ ነው።

አምስቱንም ከመለሳችሁ ለፈቃዱ ማመልከት ትችላላችሁ። «ሀ» እና «ለ» ላይ የተደናገረ ሰው ወደ ደረጃ አንድ ይመለስ፤ ሁለቱን የለያቸው ዝርያውና በረዶው ብቻ ነው።