ሁለት እህቶች፣ አንድ ጊታር፦ አዲስ የፎክ ጥንድ እንዴት ይታወቃል?

የአኩስቲክ ፎክ ምንነት

ፎክ (የሕዝብ ዘፈን) ከሰው ወደ ሰው በቃል ሲወርድ ከኖረ የባላገር ዘፈን የመነጨ የሙዚቃ ዓይነት ነው። ዛሬ የሚደረሱት አዳዲስ ዘፈኖችም፣ ታሪክ የሚተርኩና በጥቂት መሣሪያ የሚታጀቡ ከሆኑ፣ በዚሁ ስም ይጠራሉ።

አኩስቲክ የሚባለው ድምፁ ከመሣሪያው ገላ ብቻ የሚወጣ ሙዚቃ ነው። ማሲንቆን በቅርብ ላየ ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ ጭራው በደጋን ሲገዘገዝ በቆዳ የተለበጠው ሳጥን ይርገበገባል፣ ድምፁንም ያጎላዋል። በአኩስቲክ ጊታር ላይ ይህን ሥራ የሚሠራው ባዶው የእንጨት ሣጥን ነው። በኤሌክትሪክ ጊታር ላይ ግን የክሩ ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ተለውጦ በማጉያ በኩል ይወጣል።

የሁለት ድምፅ ምስጢር

የፎክ ጥንዶች ዋና ሀብት ሃርመኒ (የተለያየ ከፍታ ያላቸው ድምፆች በአንድ ጊዜ መስማማት) ነው። አንዱ ዘፋኝ ዋናውን ዜማ ይይዛል፤ ሌላው ያንኑ ቃል ከፍ ወይም ዝቅ ባለ ድምፅ አብሮ ይዘፍናል። በብዛት የሚሠራበት ርቀት ሦስተኛው ነው፦ አንዱ «ዶ» ላይ ሲሆን ሌላው «ሚ» ላይ ይሆናል። በአገራችን ባህላዊ ዘፈን አውጪው ሲያወጣ ተቀባዮች በአብዛኛው ያንኑ ዜማ ስለሚቀበሉ፣ ለዚህ አዲስ የሆነ ጆሮ ሁለቱን ድምፆች እንደ አንድ ሊሰማቸው ይችላል። ዘፈኑን በድጋሚ ሲያዳምጡ ዝቅ ያለውን ድምፅ ብቻ መከተል ልዩነቱን ያወጣዋል።

ወንድማማቾችና እህትማማቾች በዚህ ዘርፍ የሚበዙት ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ቤት ያደጉ ሰዎች አናባቢን የሚያወጡበት የአፍ ቅርጽ ይመሳሰላል፤ ቃሉን የሚጀምሩበትና የሚጨርሱበት ቅጽበትም እንደዚሁ። በ1950ዎቹ (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) መጨረሻ ስማቸው የገነነው አሜሪካውያኑ የኤቨርሊ ወንድማማቾች የታወቁት በዚህ ነው፤ ሳይመንና ጋርፈንከልም አዘፋፈናቸውን ከእነርሱ ተምረዋል።

የስቶክሆልም እህቶች መንገድ

ለዚህ ምሳሌ የሚሆኑት እህትማማቾቹ ዮሃናና ክላራ ሶደርበርግ የተወለዱት በ1990 እና በ1993 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ሲሆን፣ ያደጉት ከስዊድን ዋና ከተማ ከስቶክሆልም ዳር ባለ ሰፈር ነው። የጥንዱ ስም ፈርስት ኤይድ ኪት ይባላል፤ ትርጉሙ የመጀመሪያ እርዳታ መስጫ ሣጥን ማለት ነው። በ2008 የመጀመሪያ አጭር የዘፈን ስብስባቸውን ያወጣላቸው የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ የሚጫወተው የዘ ናይፍ ቡድን አሳታሚ መሆኑ ትንሽ ያስገርማል። በኮምፒውተር ድምፅ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው የእንጨት ጊታር ይዘው የመጡትን ልጆች ያስጠጉት።

ሰፊው ዓለም ያወቃቸው ግን በዚያው ዓመት ነሐሴ አካባቢ በለቀቁት አንድ ቪዲዮ ነው። ቦታው ጫካ ነው፤ መብራት የለም፣ መድረክም የለም። አንድ ጊታርና ሁለት ድምፅ ብቻ። የዘፈኑት የራሳቸውን ሥራ አልነበረም፤ ፍሊት ፎክሰስ የተባለው የአሜሪካ ቡድን የሠራውና ያን ጊዜ ገና አዲስ የነበረ ዘፈን ነው። ክላራ አሥራ አምስት፣ ዮሃና አሥራ ሰባት ዓመታቸው ነበር። የዘፈኑ ባለቤቶች ቪዲዮውን ወደዱት፤ የእነርሱ አድናቂዎችም ተቀባበሉት።

አካሄዱ ለምን ሠራ? የማይታወቅ ዘፋኝ የማይታወቅ ዘፈን ይዞ ሲመጣ አድማጩ የሚይዘው ነገር ያጣል። የሚያውቀውን ዘፈን በአዲስ ድምፅ ሲሰማ ግን ማወዳደሪያ ያገኛል፤ የዘፋኙም ችሎታ ወዲያው ይለያል። ይሁንና በሰው ዘፈን የመጣ ዝና ብቻውን አያቆይም። እህቶቹ በ2010 የወጣውን የመጀመሪያ ሙሉ አልበማቸውን በወላጆቻቸው ቤት ቀዱ፤ ያዘጋጀው ቀድሞ የሮክ ጊታር ተጫዋች የነበረው አባታቸው ነው። ሁለተኛው አልበም በ2012 መጀመሪያ ወጣና በስዊድን የሽያጭ ዝርዝር አንደኛ ሆነ። ይህን የቀዱት በአሜሪካ፣ ነብራስካ ውስጥ፣ ከአዘጋጁ ከማይክ ሞጊስ ጋር ነው።

የጥሩ ጥቆማ ባሕርይ

አዲስ ጥንድ ከአድማጭ ወደ አድማጭ በሚተላለፍ ጥቆማም ይታወቃል። ይሁንና «በጣም ጎበዞች ናቸው» የሚል ጥቆማ ብዙም አይጠቅም፤ ስለ ማንም ሊባል ይችላልና። የሚጠቅመው አንድ ዘፈን መርጦ ምን እንደሚደመጥበት የሚያመለክት ነው። ስለ እነዚህ እህቶች ሲሆን «ኤሚሉ» የሚለውን ዘፈን ማስቀደም ይሻላል፤ በአዝማቹ ላይ የሁለቱ ድምፅ እንዴት እንደሚገጥም ጎልቶ ይሰማልና። ሙሉ አልበም አሸክሞ መላክ ብዙውን ጊዜ አድማጩን ያሸሻል።

ያ ዘፈን ራሱም የጥቆማ ሥራ ይሠራል። በውስጡ ኤሚሉ ሃሪስና ግራም ፓርሰንስ፣ ጆኒ ካሽና ጁን ካርተር የተባሉ የቀድሞ ጥንዶች ስም ይነሣል፤ እህቶቹን የወደደ ወጣት ወደ አንጋፋዎቹ የሚሻገርበት በር ነው። ስዊድን በየዓመቱ የምትሰጠውን የፖላር ሙዚቃ ሽልማት በ2015 ከተቀበሉት አንዷ ኤሚሉ ሃሪስ ነበረች። በሥነ ሥርዓቱ ላይ እህቶቹ ሲዘፍኑ እርሷ ከታዳሚው መካከል ተቀምጣ ታዳምጥ ነበር።