ለንብ ስለሚሰጥ የስኳር ውሃና በውስጡ ስለሚጨመር የዕፀዋት ዘይት
ለአገር ገዥዎች፣ ለባለ መሬቶችና ለወረዳ ሹማምንት የተሰናዳ ትምህርት

ማር የአገራችን የታወቀ ሀብት ነው፤ ኢትዮጵያም ማር በማስገኘት ከአፍሪቃ አገሮች ሁሉ ቀዳሚ ናት። ነገር ግን ማሩን ለመቍረጥ እንጂ ንቡን ለመመገብ የማያስብ ባለ ቀፎ ብዙ ጊዜ ይገኛል። ከመስከረም እስከ ኅዳር አደይ አበባና ሌላውም አበባ ሲፈነዳ ንቡ ይጠግባል፤ ቀፎውም ይሞላል። ማሩ ሙልጭ ተደርጎ ከተቈረጠ በኋላ በጋው ሲጠና፥ ወይም የክረምቱ ዝናብ አላቋርጥ ሲል፥ ንቡ የሚቀስመው ያጣል። ያን ጊዜ የተራበው መንጋ ወይ ያልቃል፤ ወይ ቀፎውን ጥሎ ይሄዳል።

፩ኛ፤ ስለ ስኳሩ ውሃ።
ከምግብ ሁሉ ለንብ የሚሻለው የገዛ ማሩ ነው። ስለዚህ በቈረጣ ጊዜ ለንቡ ስንቅ የሚሆን ማር መተው ከሁሉ ይቀድማል። ይህ ያልበቃ እንደ ሆነ ነጭ ስኳር በንጹሕ ውሃ ይሟሟል። ንቡ እጩን እንዲያሳድግ ለማበረታታት 1 ኪሎ ስኳር በ1 ሊትር ውሃ፤ ስንቅ እንዲያከማች ሲፈለግ 2 ኪሎ ስኳር በ1 ሊትር ውሃ ነው። ውሃው ፈልቶ ከእሳት ከወረደ በኋላ ስኳሩ ይጨመርበታል፤ ያረረ ስኳር ንቡን ይጎዳልና። ቡናማ ስኳርም ሆዱን ስለሚያውከው አይሰጥም። ስኳር ጕልበት ይሰጣል እንጂ እጭ አያሳድግም፤ ለዚህ የአበባ ብናኝ ያስፈልጋል። አበባ በጠፋ ጊዜ ባላገሩ በሶና ሽሮ ለንቡ መስጠቱ ስለዚህ ነው።

፪ኛ፤ ስለ ዘይቱ ጥቅም።
ከጦስኝ፣ ከጠጅ ሣርና ከናና፥ እነዚህንም ከመሳሰሉት መዓዛ ካላቸው ዕፀዋት በእንፋሎት የሚወጣ ኃይለኛ ዘይት አለ። ከጦስኝ ወገን በሚገኘው ዘይት ውስጥ ያለው ቲሞል የሚባለው ነገር ሻጋታንና እርሾን ይከለክላል። ስለዚህ ማንሊ የተባለው የእንግሊዝ አገር ንብ አርቢ በ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ የስኳሩ ውሃ እንዳይቦካ ቲሞል ይጨምርበት ነበር። በስሙ የታወቀው አሠራር እንዲህ ነው፤ 30 ግራም ቲሞል በ150 ሚሊ ሊትር አልኮል ይሟሟል፤ ከዚህም አንድ የሻይ ማንኪያ፥ ማለት 5 ሚሊ ሊትር፥ ለ14 ሊትር ያህል የስኳር ውሃ ይበቃል። መጠኑ እጅግ ጥቂት መሆኑን ልብ ይሏል።

የጠጅ ሣር ዘይት ጥቅም ደግሞ ሌላ ነው። በውስጡ ያሉት ሲትራልና ጀራኒዮል ንቦች እርስ በርሳቸው ለመጠራራት ከሚያወጡት ሽታ ውስጥ የሚገኙ ናቸው፤ ስለዚህ ንቡን ወደ ምግቡ ይስባል። ባላገሩ አዲሱን ቀፎ በመዓዛማ ቅጠል አሽቶ ወይም አጥኖ መንጋ መጥራቱ ከዚህ ጋራ ይመሳሰላል።

፫ኛ፤ ስለሚያስፈልገው ጥንቃቄ።
ዘይት ከውሃ ጋራ አይዋሐድም። እንዲያው የጨመሩት እንደ ሆነ በላዩ ይንሳፈፋል፤ ንጹሑን ዘይት የቀመሰ ንብም ይጎዳል። ስለዚህ አስቀድሞ በአልኮል ወይም በሌሲቲን ሊሟሟ ይገባዋል። መጠኑ ከበዛ ንቡ ምግቡን ይሸሸዋል። ሽታው የሌላ ቀፎ ንብ ጠርቶ ዝርፊያ ስለሚያስነሣ፥ ምግቡ በምሽት፥ በቀፎው ውስጥ፥ በዝርግ ዕቃ ይሰጣል፤ ንቡ እንዳይሰጥም ገለባ ይደረግበታል፤ የቀፎውም በር ይጠባል።

ዘይቱን የበሽታ ሁሉ መድኃኒት ነው ብሎ የሚሸጥ ሰው ቢመጣ ግን አይታመን። ቫሮዋ የተባለውን ተባይ ለመቀነስ ቲሞል የሚያገለግለው ለዚሁ ተሰናድቶ በቀፎ ውስጥ ሲተን ነው፤ በስኳር ውሃ ሲጠጣ ግን እንደዚያ ያለ የታመነ ውጤት አይገኝበትም። ድኻው ባለ ቀፎ ለስኳር የሚበቃውን ገንዘብ በብልቃጥ ዘይት ላይ ቢያጠፋ፥ ንቡ በረኃብ ያልቃል።

፬ኛ፤ ስለ ሹማምንት ተግባር።
መጀመሪያ፥ ቈራጩ ሁሉ ለንቡ ስንቅ እንዲተው ማስረዳት ነው። ሁለተኛ፥ አበባ መፈንዳት ሲጀምር የስኳሩ ውሃ እንዲቆም ማድረግ ነው፤ ከስኳር የተሠራ ማር ለገበያ ቢወጣ በገዢው ላይ ማታለል፥ በአገሩም ማር ስም ላይ ነውር ይሆናልና። ሦስተኛ፥ ዘይቱ ለሕዝብ ከመታደሉ በፊት ጥቂት ቀፎዎች ባዶውን የስኳር ውሃ፥ ጥቂቶቹ ዘይት ያለበትን ተመግበው፥ የሁለቱ ወገን ብርታት በአንድ ወራት ይመዘን። አራተኛ፥ ግራዋ፣ ብሳና፣ ዋንዛና የመሳሰሉት ዛፎች በየመንደሩ እንዲተከሉ፥ በደጋውም ጦስኙ እንዳይነቀል መጠበቅ ነው። በየዓመቱ በሜዳ የሚያብበው ጦስኝ በብልቃጥ ከሚገዛው ይልቅ ለንቡ ይጠቅመዋል።