ግዌንን የገደላት ምንድን ነው?

በንባብ ክበባችን አዲስ ለሚመጣ ጓደኛ መጀመሪያ የምንጠቁመው በ1973 (እ.ኤ.አ.) የወጣውን «ዘ አሜዚንግ ስፓይደርማን» 121ኛ እትም ነው፤ ጄሪ ኮንዌይ የጻፈውን፣ ጊል ኬን የሣለውን። (ያላነበበ እዚህ ላይ ያቁም፤ መጨረሻውን እንናገራለን።)

ግሪን ጎብሊን የፒተርን ፍቅረኛ ግዌን ስቴሲን ከድልድይ ላይ ይጥላታል። ስፓይደርማን ድሩን ወርውሮ እግሯን ይይዛታል፤ ወደ ላይ ሲስባት ግን ሞታለች። ጎብሊን «የገደላት መውደቋ ነው» ባይ ነው። አንዳንዶቻችን አመንነው። ሥዕሉን አስተውለው ያዩት ግን ድሩ እግሯን በያዘበት ቅጽበት አንገቷ አጠገብ «ስናፕ» የሚል ትንሽ ጽሑፍ አገኙ፤ በእኛ «ቀጭ» እንደ ማለት ነው።

ፊዚክስም ያግዛቸዋል። በፍጥነት የሚወርድ ሰው እግሩ ድንገት ቢያዝ ጭንቅላቱ ጉዞውን ይቀጥላል፤ ጫናው አንገት ላይ ያርፋል። አዘጋጁ ሮይ ቶማስም በ125ኛው እትም ለአንባብያን ሲመልስ የገደላት ድንገተኛው መቆም እንደሆነ ጽፏል። ሊያድናት የወረወረው ድር ገደላት ማለት ነው! ከዚህ የከበደ ገጽ በስፓይደርማን ታሪክ አላነበብንም።

ታዲያ ባይይዛትስ ትተርፍ ነበር? «ውኃው ከዚያ ከፍታ አይምራትም» የሚሉ አሉ፤ «ድሩን ቀስ በቀስ ቢያረዝመው ኖሮ» የሚሉም አሉ። 122ኛውን እትም ያነበበ ይቀላቀለን።