ኤል ኮርቴዝ፦ ጥንታዊ ካዚኖ ሆቴል ውስጥ ለማደር ለሚያስቡ

ላስ ቬጋስ ያረጁ ሆቴሎቿን በፈንጂ ማፍረስ የለመደች ከተማ ናት። ዱንስ እ.ኤ.አ. በ1993፣ ሳንድስ በ1996፣ ስታርደስት በ2007፣ ትሮፒካና በ2024 እንዲሁ ፈርሰዋል። መሀል ከተማ፣ ፍሪሞንት ጎዳና ላይ በ1941 የተከፈተው ኤል ኮርቴዝ ግን ዛሬም እንግዳ ያሳድራል፤ በ2013 ደግሞ በአሜሪካ ብሔራዊ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ላይ ሰፍሯል። እዚህ ማደር የሚፈልግ ሰው የቤቱ ውበትና ጉድለት ምንጫቸው አንድ መሆኑን ከወዲሁ ቢያውቅ ብዙ ቅሬታ ይቀርለታል። ሁለቱንም ያተረፈልን አለመፍረሱ ነው። የእንግዳው ፋንታ ጉድለቱን ምን ያህል እንደሚችል አውቆ ክፍል መምረጥ ነው።

ምርጫው በሕንፃው ዕድሜ ይለያል። የ1941ዎቹ ክፍሎች ከካዚኖው በላይ ናቸው፤ የሚደረሰው በደረጃ ብቻ ነው፣ ሊፍት የለም። ጉልበቱን የሚያመው፣ ከባድ ሻንጣ የያዘ ወይም እንቅልፉ ቀላል የሆነ ሰው እነዚህን ክፍሎች ይተዋቸው። ኋላ የተሠራው ግንብ ሊፍት አለው፤ ክፍሎቹም ከጫጫታው ይርቃሉ። ከሲጋራ ጭስ ግን ሙሉ በሙሉ ማምለጥ አይቻልም። የኔቫዳ የ2006 ሕግ በብዙ የቤት ውስጥ ሥራ ቦታዎች ማጨስን ሲከለክል የካዚኖ ወለሎችን ነፃ ትቷቸዋል፤ ጣሪያው ዝቅ ባለ አሮጌ አዳራሽ ውስጥ ደግሞ ጭሱ ቶሎ አይወጣም። አስም ላለበት ሰው ታሪክ ማካካሻ አይሆንም፤ ሌላ ቦታ ይደር።

«ታዲያ ሌላ ቦታ አድሬ ለአንድ ሰዓት ገብቼ ባየውስ?» የሚል ይኖራል። ለብዙ ሰው ይህ በቂ ነው፤ የፊት ለፊቱን የኒዮን ጽሑፍና አዳራሹን እንዳያይ የሚከለክለው የለም። ነገር ግን ሰው ከቁማር ጠረጴዛው ጥቂት ደረጃ ወጥቶ አልጋው ላይ የሚደርስበትን የድሮውን አሠራር ጎብኝቶ የሚሄድ አያውቀውም። ሌላው ተቃውሞ ከበድ ይላል፦ ቤቱ በ1945 ወንበዴው በግሲ ሲግልና ባልደረቦቹ የገዙት ስለሆነ ወንበዴን ማወደስ አይሆንም ወይ? ስጋቱ ተገቢ ነው፤ የከተማው ማስታወቂያም ይህን ስም አብዝቶ ይጠራል። ሆኖም እነ ሲግል ብዙም ሳይቆዩ ሸጠውት ሄደዋል። ቤቱን ቤት ያደረገው በ1963 ገዝቶ ከአርባ ዓመት በላይ የያዘው ጃኪ ጎጋን ነው፤ ከሸጠው በኋላም እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 2014፣ እዚያው ሆቴሉ ውስጥ ኖሯል። ባለቤቱ ፎቅ ላይ የሚኖርበት ካዚኖ ዛሬ በቀላሉ አይገኝም፤ ለእኔ ከሲግል ይልቅ ይህ ይበልጣል።

ቁማር የማይጫወት ሰውም የሳንቲም ማሽኖቹን ቆም ብሎ ይያቸው። በአብዛኛው ካዚኖ ያሸነፈ የሚወስደው የታተመ ወረቀት ነው፤ እዚህ በቀሩት ጥቂት ማሽኖች ግን ሳንቲሙ ብረት ሳህን ላይ እየጮኸ ይወርዳል፣ የነካውም እጅ ይጠቁራል። ብላክጃክ የሚጫወት ደግሞ ጠረጴዛው ላይ የተጻፈውን ያንብብ፦ ሦስት ለሁለት በሚከፍለው 10 ዶላር 15 ሲያስገኝ፣ ስድስት ለአምስት በሚከፍለው 12 ብቻ ነው። በየትኛውም ቢሆን በረጅሙ የሚያተርፈው ቤቱ ነው።

ዕድሜው 21 ያልሞላ ስለማያድር ቤተሰብ ይዞ ለሚመጣ አይሆንም፤ መዋኛም የለውም። ላስ ቬጋስ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ፤ በ2023 ክላርክ ካውንቲ «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ የሰየመው ሰፈር ግን ከመሀል ከተማው በስተ ደቡብ ምዕራብ ራቅ ብሎ ነው፤ እንጀራ ያማረው በእግሩ አይደርስም፣ መኪና ይያዝ። ክፍል ሲያዝ በማስታወቂያው ላይ ያለውን ዋጋ ብቻ ማየት አይበቃም፤ በየቀኑ የሚታከለው የሪዞርት ክፍያና ግብር ተደምሮ ስንት እንደሚመጣ፣ ክፍሉም በየትኛው ሕንፃ እንደሆነ ካርድ ከመስጠት በፊት ይጠየቅ።