«በእግርዎ ይሂዱ» ተባልን፤ የት እንሂድ?

በዚህ ዓምድ ስለ መድኃኒት አወሳሰድና ስለ ምግብ ስንነጋገር ቆይተናል። ዛሬ የምናነሳው መድኃኒት ግን ከፋርማሲ መደርደሪያ ላይ የማይገኝ ነው።

ነገሩን ያስጀመሩኝ የሰፈራችን አንድ አባት ናቸው። የስኳርና የግፊት ኪኒናቸውን የሚገዙት ከእኔ ዘንድ ነው። አንድ ቀን ከዙህር ሶላት መልስ መጥተው የሐኪሙን ወረቀት ዘረጉልኝና፣ «ልጄ፣ ኪኒኑን ስጪኝ። ደግሞ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት በእግርዎ ይሂዱ ብሎኛል፤ እሱንስ ከየት ነው የምገዛው?» አሉኝ። የቀለዱ መስሎኝ ሳቅሁ። «ሐጂ፣ እሱማ በነፃ ነው» አልኳቸው። እሳቸው ግን አልሳቁም። «በነፃ አይደለም። ከቤቴ እስከ መስጊድ ክዳን የሌለው የውኃ ቦይ አለ፣ የአሸዋ ክምር አለ። በእግረኛው መንገድ ላይ መኪና ቆሞ አስፋልት ያስወርደኛል። ባለፈው ረመዳን ለተራዊሕ ስሄድ ወድቄ ክንዴ ተሰበረ። የት ልሂድ?»

መልስ አልነበረኝም። ኪኒኑን ቆጥሬ ሰጠኋቸውና ሄዱ። እኔም ከባንኮኒው ኋላ ቆሜ «ስፖርት ይሥሩ» ያልኳቸውን ሰዎች ሁሉ አስታወስኩ። አንዳቸውንም የት እንደሚሄዱ ጠይቄያቸው አላውቅም ነበር።

መጠኑ የታወቀ መድኃኒት

የእግር ጉዞ እንደ ማንኛውም መድኃኒት መጠን አለው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ አንድ አዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ የሰውነት እንቅስቃሴ እንዲያደርግ፣ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች ደግሞ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ ይመክራል። ለአዋቂ ዝቅተኛው በቀን 30 ደቂቃ፣ በሳምንት አምስት ቀን ማለት ነው። በአንድ ጊዜ መጨረስም ግዴታ አይደለም። ከቁርስ፣ ከምሳና ከእራት በኋላ አሥር አሥር ደቂቃ መሄድ ይቻላል። እንዲያውም ለስኳር ሕመምተኛ ከምግብ በኋላ ያለችው አጭር ጉዞ የተለየ ጥቅም አላት። ምግብ በልተን ስኳሩ በደም ውስጥ ከፍ በሚልበት ሰዓት የሚንቀሳቀስ የእግር ጡንቻ ስኳሩን ከደም እየወሰደ ያቃጥለዋል። ለዚህም ብዙ ኢንሱሊን አይጠብቅም።

ፍጥነቱስ ምን ያህል ይሁን? እየሄድን ከጓደኛችን ጋር መነጋገር ከቻልን፣ መንዙማ ማዜም ግን ካቃተን ልኩ እሱ ነው። በቁጥር ለሚፈልግ በደቂቃ 100 እርምጃ ገደማ ይሆናል። በየእርምጃው አንድ ተስቢሕ የሚል ሰው ባለ 99ኙን ሙስበሃ አንድ ዙር ሲጨርስ አንድ ደቂቃ ሞላ ማለት ነው።

መስጊዱ ከቤታችን 500 ሜትር ቢርቅ አንድ ጉዞ ስድስት ደቂቃ ያህል ይፈጃል። በቀን ሦስት ሶላት በመስጊድ የሚሰግድ ሰው ደርሶ መልሱ 36 ደቂቃ ሆነለት። በኑ ሰሊማ የተባሉት ሰዎች ቤታቸው ከመስጊድ የራቀ ነበርና ወደ መስጊድ ተጠግተው ለመስፈር ባሰቡ ጊዜ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ባሉበት እንዲቆዩና እርምጃቸው እንደሚጻፍላቸው የነገሯቸው መሆኑን ሙስሊም ዘግበዋል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ወደ ሶላት ስንሄድ ተረጋግተን እንድንሄድ ታዘናል እንጂ እንድንሮጥ አይደለም። ፈጠን ያለውን እርምጃ ለመልሱ እናቆየው።

ጉዞው ግን ሻያችንን አያካክስልንም። በአንድ ብርጭቆ ሻይ ሦስት ማንኪያ ስኳር ጨምሮ በቀን አምስት ብርጭቆ የሚጠጣ ሰው 60 ግራም ስኳር፣ ማለትም 240 ካሎሪ ያህል ጠጥቷል። የግማሽ ሰዓት ጉዞ የሚያቃጥለው የዚህን ግማሽ ያህል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ50 ግራም እንዳያልፍ፣ ቢቻል ደግሞ 25 ግራም አካባቢ እንዲሆን ይመክራልና ማንኪያዋን ከሦስት ወደ አንድ ማውረድ ከጉዞው ጋር አብሮ የሚሄድ ሥራ ነው።

ኪኒን ለሚወስዱ

ኢንሱሊን የሚወጉ ወይም ግሊቤንክላሚድ የሚወስዱ ሰዎች በባዶ ሆድ ረጅም መንገድ መሄድ የለባቸውም። ስኳራቸው በመንገድ ላይ ሊወርድ ይችላል። ማንቀጥቀጥ፣ ማላብ፣ ድንገተኛ ረሃብና ግራ መጋባት ምልክቶቹ ናቸው። በኪስ ስኳር ወይም ከረሜላ መያዝ፣ ምልክቱ ሲሰማም ቁጭ ብሎ ከሦስት እስከ አራት ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ መጠጣት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለ መድገም ይገባል። ሜትፎርሚን ብቻውን ለሚወስድ ይህ አደጋ በጣም ጥቂት ነው። ለግፊት ወይም ለልብ አቴኖሎል የሚወስዱ ሰዎች ስኳራቸው ቢወርድ ማንቀጥቀጡና የልብ ምቱ ላይታወቃቸው ስለሚችል ላቡን ይከታተሉ።

ስኳር ያለበት ሰው እግር ስሜቱ ሊቀንስ ይችላል፤ ጠጠር ቢወጋው እንኳ ላያውቅ ይችላል። ስለዚህ በካልሲና በተሸፈነ ጫማ እንጂ በነጠላ ጫማ አይሂድ። ለእኛ ግን አላህ ያገራልን ነገር አለ፤ ለውዱእ በቀን በርካታ ጊዜ እግራችንን እናጥባለን። በዚያች ቅጽበት በጣቶች መካከልና ከእግር ሥር መላጥ፣ መቅላት ወይም ቁስል መኖሩን መመልከት፣ ከታጠቡም በኋላ በጣቶች መካከል ያለውን እርጥበት በደንብ ማድረቅ ነው። ዐይኑ የደከመበት ልጁን ያሳይ።

በጉዞ ላይ ደረት የሚያጨንቅ ሕመም ከተሰማ ወዲያው ማቆም፣ ካልለቀቀም ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው።

ጎረቤቶቼ ምን አሉ?

በአዲስ አበባ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በእግር ነው። በከተማዋ በትራፊክ አደጋ ሕይወታቸው ከሚያልፈውም የሚበዙት እግረኞች ናቸው። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» በሚል ስያሜ በወር አንድ እሑድ የተመረጡ ጎዳናዎች ለመኪና ተዘግተው ሕዝብ በእግሩና በብስክሌት እንዲንቀሳቀስባቸው ተደርጎ ነበር። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማትም በዋና ዋና ጎዳናዎች ዳር ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ የብስክሌት መስመርና መብራት አምጥቷል። ለዚሁ ሥራ ሲባል ከሰፈራቸው የተነሱ ብዙ ቤተሰቦች መኖራቸውም የሚዘነጋ አይደለም። ሐጂን ያስቸገራቸው ግን ዋናው ጎዳና አይደለም፤ ከበራቸው እስከ ዋናው ጎዳና ያለው የውስጥ ለውስጥ መንገድ ነው።

ስለዚህ አንድ ቅዳሜ በመስጊዳችን የሴቶች ክፍል ከደርስ በኋላ እህቶችን ጠየቅሁ፤ ወንድሜም በወንዶቹ በኩል ጠየቀልኝ። «በእግራችሁ እንዳትሄዱ የሚያደርጋችሁ ምንድን ነው? ምን ቢደረግ ትሄዳላችሁ?» ትልልቅ መናፈሻ ይጠይቃሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። የመጣው መልስ ሌላ ነው።

አንዲት እናት «እኔ ሁለት መቶ ሜትር ሄጄ ካላረፍኩ ጉልበቴ አይፈቅድልኝም፤ በመንገዱ ዳር መቀመጫ ቢኖር እስከ ገበያው እደርሳለሁ» አሉ። ከባለ ሱቆቹ አንዱ ይህን ሰምቶ በሱቁ ደጃፍ አግዳሚ ወንበር ሊያስቀምጥ ቃል ገባ። ሦስት ልጆች ያሏት እህት የመንግሥት ትምህርት ቤቱ ሜዳ እሑድ ጠዋት ለሰፈሩ ልጆች እንዲከፈት ሐሳብ አቀረበች። ልጆቿ ኳስ የሚጫወቱት መኪና በሚመላለስበት ኮብልስቶን ላይ ነው፤ ኳስ በተንከባለለ ቁጥር ልቧ ይወጣል። ወጣት እህቶች ከሁሉ በፊት የጠየቁት መብራት ነው። ከዒሻ በኋላ አንዷን ጥግ ለማለፍ ይፈራሉ፤ በዚያ የሚቆሙት ወጣቶች የሚሉትን እዚህ አልጽፈውም። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ወንድማችን የጠየቀው በመስጊዱ በር ያሉት ሦስት ደረጃዎች አጠገብ ተዳፋት መወጣጫ እንዲሠራለት ነው። ለዚህ ወረዳውን መጠበቅ አያስፈልግም ነበር፤ እስከዛሬ አለማሰባችን ያሳፍራል።

ከሁሉ ይበልጥ ያስገረመኝ ግን የመጸዳጃ ቤት ጉዳይ ነው። ሽንት የሚያሸና የግፊት ኪኒን (ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ወይም ፉሮሴማይድ) የሚወስዱ ሁለት እናቶች፣ ከቤት በሚወጡበት ቀን ኪኒኑን እንደሚተዉት ነገሩኝ። መንገድ ላይ መግቢያ የለም፤ የመስጊዱ የሴቶች መጸዳጃም ከሶላት ሰዓት ውጪ ይቆለፋል። ይህን ያህል ዓመት ኪኒን ስሸጥላቸው አልነገሩኝም ነበር፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም። እህቶች፣ ኪኒኑን በራስ ፈቃድ መተው ግፊቱን ከፍ ያደርገዋል፤ ይልቁንስ የመውሰጃውን ሰዓት ከጉዞው ጋር ለማስማማት ሐኪማችሁን አማክሩ። የቁልፉን ነገር ደግሞ ለመስጊዱ ኮሚቴ አቅርበናል። ጠዋት ከ2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት እንዲከፈት ተስማምተዋል፣ አልሐምዱሊላህ።

በመንገድ መሄድ የሚከብዳቸው እህቶች የመስጊዱን ግቢ መጠቀም እንደሚችሉም ተስማማን። ዙሪያው በእርምጃ ሲለካ 120 ሜትር ያህል ሆነ። ሃያ አንድ ዙር 2.5 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ይህም የግማሽ ሰዓት ጉዞ ነው። ጅልባብ ለብሰው የሚዞሩ እህቶች ጫፉ ከጫማ ሥር እንዳይገባ ትንሽ ከፍ ብሎ የተሰፋውን ይምረጡ፤ በኮብልስቶን ላይ ከወደቁት መካከል ሁለቱ ምክንያታቸው ይኸው ነው።

ከቀደሙት ብንማር ባይ ነኝ። በዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2006) በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የሐረር ጁገል በ48 ሄክታር ላይ 82 መስጊዶች ይዟል። በዚያ ውስጥ ያለ ሰው ወደ ሶላት የሚሄደው በጠባብ መንገድ፣ በእግሩ፣ በጥቂት ደቂቃ ነው።

የመንገድ ሐቅ

በኢማን ቅርንጫፎች ዝቅተኛው ሰዎችን የሚያስቸግር ነገርን ከመንገድ ማስወገድ መሆኑን ሁላችንም በመድረሳ ተምረናል። በመንገድ ዳር መቀመጥ ግድ ለሆነባቸው ሶሐቦችም ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) የመንገድን ሐቅ ሲዘረዝሩላቸው ዐይንን መስበር፣ አስቸጋሪ ነገርን ማስወገድና ሰላምታን መመለስ ከነገሯቸው መካከል ናቸው። በሰዎች መተላለፊያና በጥላ ሥር መጸዳዳትም እርግማንን የሚያመጣ መሆኑን አስጠንቅቀዋል።

ይህን ሁሉ እያወቅን ጁምዓ ጁምዓ ምን እንደምናደርግ እንይ። መኪናችንን በእግረኛው መንገድ ላይ ጥደን ወደ መስጊድ እንገባለን። ኹጥባው እስኪያልቅ ድረስ ሙስሊም የሆነም ያልሆነም ጎረቤት፣ ሕፃን ያዘለች እናት ጭምር፣ አስፋልት ላይ ከመኪና ጋር ይጋፋል። ሐጂ የወደቁበትን የአሸዋ ክምር ያፈሰሰውም የመስጊዳችን ጀመዓ የሆነ ሰው ነው። ስሙን አላነሳም፤ ቤቱን እየሠራ ነበር። እሳቸው መውደቃቸውን ሲሰማ በዚያው ቀን ማታ አሸዋውን ወደ ግቢው አስገባ። እስከዚያ ድረስ ለስድስት ወር በላዩ ላይ ዘለን ስናልፍ ማናችንም አልነገርነውም።

በጉልበታችን የማይሠራውን፣ ማለትም የቦዩን ክዳንና መብራቱን፣ ለወረዳው በጽሑፍ አቅርበናል። ለሌላ ሰፈር የሚጠቅም ከሆነ ያደረግነውን ልንገራችሁ። «መንገዳችን ይስተካከልልን» የሚል ማመልከቻ መልስ ለማግኘት ይቸገራል። እኛ ቦታውን ከታወቀ ሱቅ ወይም በር አንጻር ገለጽን፣ የቦዩን ርዝመት በሜትር ለካን፣ ፎቶ አያያዝን፣ ስንት ሰው እንደወደቀበት ጻፍን። የሙስሊሙም የክርስቲያኑም ጎረቤት ፈረመበት። ኮፒውን መዝገብ ቤት አስመትተን ቀኑንና ቁጥሩን ይዘናል። በየሁለት ሳምንቱም ሁለት ሰዎች እየተፈራረቁ ይጠይቃሉ። ቦዩ እስኪከደን ድረስ መንገድ ለሌለው ሰው የምለው በልጅነታችን የተማርነውን ነው፦ ግራ መስመር ይዞ፣ የሚመጣውን መኪና ፊት ለፊት እያዩ መሄድ።

ሐጂ አሁን ከፈጅር በኋላ ከሁለት ጓደኞቻቸው ጋር ይሄዳሉ። አሸዋው ተነስቷል፤ የሱቁ አግዳሚም ተቀምጧል፤ በመልሳቸው ያርፉበታል። የበሩ መወጣጫም ተሠርቷል። የጁምዓው መኪና ግማሽ ያህሉ ወደ ትምህርት ቤቱ አጥር ጥግ ዞሯል፤ ግማሹ እንዳለ ነው። መብራቱ ተተክሏል፤ ቦዩ ግን ገና ክዳን አላገኘም። ባለፈው ሳምንት ማመልከቻውን ለመከታተል ተራው የሐጂ ስለነበር ወረዳው ድረስ በእግራቸው ሄደው መጡ።